እጄን ታጠብኩ፣ በቃ? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ እጅ መታጠብ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱን መርጫለሁ።

የደሴ ውሃ ጠዋት ጠዋት በረዶ ነው። ሥጋ ከትፌ በዚያው ብታጠብ ይበቃል ወይስ ላሙቀው? (ከሆጤ)

ይበቃል። ጀርሙን ከእጅ የሚያላቅቀው ሳሙናውና ማሸቱ ነው። ጀርም የሚገድል ሙቀት እጅም አይችለውም። የብርዱ ጣጣ ሌላ ነው፤ ሰው እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ስለዚህ እጅዎን ካረጠቡ በኋላ ቧንቧውን ዘግተው 20 ሰከንድ ያህል ይሹ። የጣት መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ስር። ቀለበት ካለ ይውለቅ። በቆሸሸ እጅ የነኩትን የቧንቧ መክፈቻም በዚያው አረፋ ያዳርሱት። የልብስ ሳሙናም ቢሆን ያው ነው። ጮማ ከነበረው ሞራው ስለሚረጋ ሳሙናውን ይድገሙት።

ዶሮ አጥበን ስንጨርስ አማቴ "እጅሽን በሎሚና በጨው እሺ" ይሉኛል። እኔ ሳሙና እላለሁ። ማን ነው ልክ? (ከሙጋድ)

ኧረ እህቴ፣ በአማትና በምራት መሃል አታስገቢኝ! ሎሚ ሽታውን ያጠፋል፤ እዚያ ላይ እሳቸው ልክ ናቸው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት የጥሬ ዶሮ ጀርሞች ግን በሎሚ እሽት ተደርጎ የሚለቁ አይደሉም። መጀመሪያ ሳሙና፣ ከዚያ ሎሚ። ሁለታችሁም አሸነፋችሁ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ከመታጠብሽ በፊት የነካሽው ነው። አንድ ፋሲካ እኔው ራሴ ጉድ ሠርቻለሁ። ዶሮዋን እየገነጠልኩ፣ ገና ስድስተኛው ብልት ላይ፣ ሽንኩርቱ ሊያር ሆነ። በዚያው እጄ የበርበሬውን ቆርቆሮ ክዳን አነሳሁ። ቆይቼ እጄን እንደ ሐኪም ታጠብኩ። ከዚያስ? ያንኑ ክዳን መልሼ ያዝኩ። ክዳኑ ላይ የዶሮዋ ውሃ ደርቆ እንደ ሙጫ ተለጥፏል። ወጡ ውስጥ የገባው በርበሬ ይበስላል፤ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ግን ነገ ዳጣ ይሆናል። ሳልሞኔላ ደግሞ ደረቅ ቅመም ውስጥ ብዙ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ከመንካቴ በፊት በርበሬውንም ጨውንም በቡና ሲኒ ሰፍሬ አስቀምጣለሁ።

ዶሮውን ደጋግሞ ማጠቡን ተዉ ብል የሚሰማኝ የለም። ብቻ ቧንቧ ስር አይሁን፤ ፍንጣሪው ሰላጣው ላይ ያርፋል። ሳፋ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ።

ሥጋ ቤት ነው የምሠራው። በየመሃሉ ሳኒታይዘር ብቀባስ? (ከኮምቦልቻ)

ሞራና ደም የነካው እጅ ላይ ብዙም አይሠራም። ሳሙና ይሻላል። በተለይ ብር ከመቀበልህ በፊትና ከተቀበልክ በኋላ። ብር የሚቀበል ሌላ ሰው ካለማ ተገላገልክ።

ውሃ ከጠፋ ሰነበተ። ያለኝ አንድ ጀሪካን ነው። ሥጋ ለነካ እጅ ስንት ላፍስስ? (ከፒያሳ)

የሚያስታጥብ ልጅ ካለ አንድ ጆግ ይተርፋል። ብቻዎን ከሆኑ ሃይላንድ ይሙሉና ክዳኑን በሚስማር ሁለት ሦስት ቦታ ይብሱት። አጋድመው ሲጫኑት ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ ለማርጠብ ትንሽ፣ ለማለቅለቅ ትንሽ። ሳፋ ውስጥ እጅ ነክሮ መታጠብ ግን አይሆንም። ሁለተኛው ሰው የሚታጠበው በመጀመሪያው ሰው እጣቢ ነው። ሳሙናም ከጠፋ ንጹሕ አመድ ከባዶ ውሃ ይሻላል፤ ሳሙናን ግን አይተካም።

ቁርጥ ስበላ ሁሌ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው። በላዩም አረቄ አለ። ታዲያ ኮሶው ከየት መጣብኝ? (ከኮምቦልቻ)

ከሥጋው ነዋ። ገና ያላደገው የኮሶ ትል (እጩ) የተቀመጠው ጡንቻው ውስጥ ነው፤ እጅዎ ምንም አላጠፋም። ከብቱ የሚይዘው ሰው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳበት ሣር ነው፤ ሰው ደግሞ ሥጋውን ጥሬውን ሲበላ ይይዘዋል። ሆድ ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል። አረቄው የሚሠራው እርስዎ ላይ እንጂ ትሉ ላይ አይደለም። ሥጋው መሃሉ ድረስ ሲበስል ግን ይሞታል። አሁን ለያዘዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፣ ስንት እንደሚወስዱ እነሱ ይነግሩዎታል።