አንትሮፖሎጂ እንጀራ ይሆናል ወይ ላላችሁኝ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «አንትሮፖሎጂ ደረሰኝ፤ ምን ይረባኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንትሮፖሎጂ የሰውን አኗኗርና ባህል ከሰዉ ጋር እየዋሉ የሚያጠና ትምህርት ነው። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በኅብረተሰብ ጤና ሥራ ነው ያረጀሁት። በወጣትነቴ የምሠራበት ድርጅት በአንድ የገጠር መንደር ለየቤቱ ሽንት ቤት አሠራ። ቆንጆ ነበር፤ ክዳን እንኳ አልጎደለውም። ከወራት በኋላ ስንመለስ ግማሹ የማገዶ ማስቀመጫ ሆኗል። አለቆቻችን «የግንዛቤ ችግር ነው» አሉ። ፖስተር ታተመ፣ ስብሰባ ተጠራ። መጠይቁ ላይማ ሰዉ ሁሉ «እንጠቀማለን» ብሎ መልሷል። ለእንግዳ ሌላ ምን ይባላል?

አንትሮፖሎጂ የተማረች አንዲት ባልደረባ ነበረችን። መጠይቁን ትታ ከሴቶቹ ጋር ውሃ ስትቀዳ፣ ማገዶ ስትለቅም ትውላለች። ቢሮ ውስጥ ይቀለድባት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ እየሳቀች «አማቴ ከገባበት እኔ እንዴት እገባለሁ?» አለቻት። ለካ ነውር ነው! ለአንድ ቤት አንድ ሽንት ቤት ተብሎ ሲሰላ፣ እዚያ ቤት ማን ማንን እንደሚያፍር የጠየቀ አልነበረም። ባልደረባችን ሁሉንም ጻፈችው። ሪፖርቷ «ቁጥር የለውም» ተብሎ መሳቢያ ገባ። ፖስተሩ ግን በድጋሚ ታተመ። ብዙም ሳትቆይ ሥራ ለቀቀች፤ የት እንደደረሰች አላውቅም።

በ2014 እ.ኤ.አ. ኢቦላ የተባለው ገዳይ በሽታ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲያምስ ያ መሳቢያ ትዝ አለኝ። ሬሳ አንሺዎች ቤተሰብ ሳይሰናበት በፕላስቲክ ከረጢት ይወስዱ ነበር። ሰዉም በሽተኛ መደበቅና ተደብቆ መቅበር ጀመረ። ጊኒ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሞታ «ፅንሱ ካልወጣ አትቀበርም» ተባለ። ማውጣት ደግሞ በሽታውን ማዛመት ነው። መንደሩና ሐኪሞቹ ተፋጠጡ። አንዲት አንትሮፖሎጂስት ሽማግሌዎቹን ጠይቃ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር የማካካሻ ሥርዓት እንዳለ ደረሰችበት። ሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ሴትዮዋም ተቀበረች። ወረርሽኙ በ2016 እ.ኤ.አ. እስኪያበቃ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል።

እናንተ የዛሬ ልጆች በስልክ የመጠይቅ ሊንክ ትበትኑና በሁለት ቀን «ኅብረተሰቡ እንዲህ ይላል» ትላላችሁ። ቁጭ ብላችሁ ያወራችሁት መቼ ነው? ቁጥር ይቅር እያልኩ አይደለም። እኔም ብሆን ቁጥር ካላየሁ ማመን ይከብደኛል።

ደግሞ ሁሉን ነገር «ባህላቸው ነው» ማለትም ስንፍና ነው። ፖል ፋርመር ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም ነበር። ሄይቲ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕክምናቸውን የሚያቋርጡት በእምነታቸው የተነሳ ነው ይባል ነበር። ለምግብና ለትራንስፖርት ድጋፍ ሲያገኙ ግን እምነታቸውን ሳይለውጡ ዳኑ። ችግሩ ድህነት ነበር። አማትና ምራት ያልኳችሁ ትክክል ነው፤ ይሄም ትክክል ነው።

ሥራውስ? ቶሎ ላይገኝ ይችላል፤ አልዋሽም። የጤና ድርጅቶች፣ ከስደተኞች ጋር የሚሠሩ ተቋማት፣ የሶፍትዌር ኩባንያዎችም ይቀጥራሉ። ማስታወቂያ ላይ «አንትሮፖሎጂስት» የሚል ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ታጣላችሁ። «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ወይም «የተጠቃሚዎች ጥናት» የሚለውንም አንብቡት።