ግማሹ ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሹ ኩባንያ የሆነ ፒኤችዲ ላገኘችው እህት

ስምሽን ሳትገልጪ እዚህ ግሩፕ ላይ የጠየቅሽው እህቴ፣ ዘግይቼም ቢሆን ልመልስልሽ። ኮመንቱ ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ"፣ "እንዳያመልጥሽ" ብቻ ሲሆን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ መጻፍ የጀመርኩት።

ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ፦ በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ ለሚሰራ ፒኤችዲ ኢንተርቪው አልፋለች። ግማሹን ጊዜ ቤልጂየም ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሹን ሆላንድ ኩባንያ ውስጥ ነው የምትሰራው። ማስታወቂያው በወር 3,400 ዩሮ ይላል። ባልና ልጅ አላት። ገንዘቡ ይበቃል ወይ፣ ኩባንያ መኖሩስ ጣጣ አለው ወይ ነው የምትለው።

እኔ ያለፍኩት በዚሁ መንገድ ነው። ያው ሁለት አገር፣ ያው ባልና ልጅ አዲስ አበባ። ስለዚህ ሲቪ እንዴት ይጻፋል የሚለውን እዘለዋለሁ። ኢንተርቪው ያለፈች ሰው እሱን አታጣውም።

1ኛ. 3,400ው እጅሽ የሚገባ ደሞዝ አይደለም። ማሪ ኩሪ የምንለው የአውሮፓ ህብረት ፕሮግራም ለዶክትሬት ኔትወርክ፣ ማለት ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ተባብረው ፒኤችዲ ለሚያሰሩበት ፕሮጀክት፣ እስከ 2024ቱ ጥሪ ድረስ ሲመድብ የነበረው መነሻ ነው። አሰሪው ለማህበራዊ ዋስትና የሚከፍለው የራሱ ድርሻ ሳይቀር ከዚሁ ላይ ይነሳል። ከዚያ ያንቺ ድርሻ፣ ከዚያ ግብር። መነሻው በየአገሩ የኑሮ ማስተካከያም ይባዛል። ቤልጂየም 100 በመቶ ስለሆነች ለውጥ የለውም። በዚህ ላይ፣ መነሻው 3,400 በሆነ ፕሮጀክት፣ በወር 600 ዩሮ የመዘዋወሪያ፣ ቤተሰብ ላለው ደግሞ 660 ዩሮ አለ። ከእነሱም ይቆረጣል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ይዘሽ በብር እያባዛሽ ቤት አትስሪ። ኤችአሩን "በወር እጄ ላይ የሚገባው ስንት ነው?" ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። ለአንድ ሰው ደህና አድርጎ ያኖራል። ለሦስት ይጠብባል፣ ግን ይቻላል። እኛ ኖረንበታል።

2ኛ. የቤተሰብ አበሉን ማንም እንዳያስቀርብሽ። እኔ የገጠመኝን ልንገርሽ። ኤችአር ውስጥ የነበረችው ሴትዮ ቀና ብላ ሳታየኝ "ባለቤትሽ እዚህ ስለሌለ አይመለከትሽም" አለችኝ። ደንቡ እንደዚያ አይልም። በህግ የተጋባሽ ወይም የምታሳድጊው ልጅ ያለሽ ከሆነ፣ ቤተሰብሽ አብሮሽ መጣም አልመጣም ይከፈልሻል። ከተቀጠርሽ በኋላ ብታገቢ ወይ ብትወልጂ እንኳን ከዚያ ጀምሮ ይጨመራል። የደንቡን ገጽ ፕሪንት አድርጌ ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥላት "እናየዋለን" አለች። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። ገንዘቡ ግን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ገባ።

ወረቀቱን ከአሁኑ ጨርሺ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የሽማግሌ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ከወሳኝ ኩነት የጋብቻና የልጅሽን የልደት ምስክር ወረቀት አውጪ። አስተርጉሚ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጪ። ከዚያ ኤምባሲው የሚለውን ስሚ። ከተቀጠርሽ በ20 ቀን ውስጥ አሰሪሽ ስለ አንቺ ለአውሮፓ ኮሚሽን የሚልከው መግለጫ አለ። የቤተሰብሽ ሁኔታ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ሳታነቢ አትፈርሚ።

3ኛ. ማስተርስሽን የት እንደሰራሽ አልጻፍሽም። ከመቀጠርሽ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ በአሰሪው አገር ኖረሽ ከሆነ አይቀጥሩሽም። ለአጭር እረፍት የተሄደ አይቆጠርም። አገር ቤት የምታስተምሪ ከሆነ ይሄ አይነካሽም። ይሄን የጻፍኩት ብራስልስና ገንት ሆናችሁ ይሄን ለምታነቡ ነው። የስደተኝነት ጥያቄያችሁ እየታየ የቆያችሁበት ጊዜ ግን አይቆጠርባችሁም። ብዙ ልጆች ይሄን ሳያውቁ ነው ሳያመለክቱ የሚቀሩት።

4ኛ. አሰሪዎችሽ ሁለት ናቸው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው፣ ቀጥሎ ኩባንያው። ሁለት ኮንትራት፣ ሁለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሁለት የታክስ ቢሮ። በአውሮፓ የተመራማሪዎች መመሪያ በቤልጂየሙ ፈቃድሽ ሌላ አባል አገር ሄደሽ እስከ 180 ቀን መስራት ትችያለሽ። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሂደት ነው። አንቺ ሆላንድ የምትቆዪው ከዚያ በላይ ነው። ሆላንድ ደግሞ የሚያስመጣሽ ድርጅት በኢሚግሬሽኑ፣ አይኤንዲ በሚሉት፣ እውቅና የተሰጠው ስፖንሰር መሆን አለበት። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አሉበት። ትንንሾቹ ላይኖሩ ይችላሉ። የኔ ኩባንያ አልነበረበትም። እስኪመዘገብ ድረስ ዩኒቨርሲቲው ኮንትራቴን እንዲያራዝም ራሴ ነኝ ከቢሮ ቢሮ የዞርኩት። ዛሬውኑ ፈልጊና ስማቸው ከሌለ ንገሪያቸው።

5ኛ. ዋናው ይሄ ነው። የጽሑፍሽ ጉዳይ፣ ማለት የምርምርሽን ውጤት የምታሳትሚበት። ሌላውን ብትረሺ ይሄን አትርሺ።

የኔ ስራ ፍሎራይድን ከውሃ የሚለይ ማጣሪያ ላይ ነበር። ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ ታውቂያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ከዚያ ያልፋል። እኔ ለዚህ ብዬ ነው የሄድኩት። ኩባንያው ደግሞ የሚሸጥ ነገር ፈልጎ። ሁለቱም ያስኬዳል፣ ችግር የለውም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ውጤቱ ሰመረ። ጽሑፉን አዘጋጅቼ ለፕሮጀክቱ ተባባሪ ድርጅቶች ሁሉ ላክሁ። የኩባንያው የህግ ክፍል "ፓተንት ልናስገባ ስለምንችል ታገሺ" አለ። ፓተንት ማለት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው። ነገሩ በራሱ እውነት ነው። በአውሮፓ አንድ ነገር የፓተንት ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ከታተመ አዲስ አይባልም፣ ፓተንቱም ይቀራል። አሜሪካ እንዳለው ዓይነት፣ ካሳተሙ በኋላም ማመልከት የሚቻልበት የእፎይታ ዓመት አውሮፓ ውስጥ የለም። እሺ አልኩ።

ከዚያ ዝም። ስጽፍ "እያየነው ነው"። ስደውል "የሚመለከተው ሰው እረፍት ላይ ነው"። የኔ ፋኩልቲ ቴሲስ ለማስገባት የታተመ ጽሑፍ ይጠይቃል። የህብረቱ ገንዘብ ደግሞ በኔ ጊዜ ለአንድ ሰው ከ36 ወር አያልፍም ነበር። ቤልጂየም ፒኤችዲ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ነው። ይቺን ቅናሽ አስቢያት። መጀመሪያውኑ ከአራት ሦስት ነው የሰጡኝ። ከሦስቱ ላይ ደግሞ የህግ ክፍል ተቀምጦበታል።

36ኛው ወር ሲሞላ ኩባንያው ያደረገው ነገር ቢኖር ላፕቶፑን እንድመልስ መጻፍ ብቻ ነው። ጽሑፌ እነሱ ጋ ተይዞ፣ ደሞዝ ቆሞ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ መጨረሻ እየቀረበ። ባለቤቴ መጥቶ መጋዘን ውስጥ እቃ ይጭን ነበር፣ አዲስ አበባ የሳይት መሐንዲስ የነበረ ሰው። በሱ ደሞዝ ነው ያን ጊዜ ያለፍነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ውል የሚይዘው ቢሮ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲዎቹና ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የተፈራረሙትን ስምምነት አሳዩኝ አልኩ። ሰውዬው "የድርጅቶች ሰነድ ነው፣ ለተማሪ አይሰጥም" አለኝ። ግብር ስከፍል ሰራተኛ ነኝ፣ ሰነድ ስጠይቅ ተማሪ። ወንበር እንኳን ሳያሳየኝ በሩ ላይ አቁሞ ነው የመለሰኝ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። የፕሮጀክቱ ኮኦርዲኔተር፣ ማለት ፕሮጀክቱን በሙሉ የሚያስተባብረው፣ ቢሮ ላለችው ማናጀር ጻፍኩላት። እሷ የሚመለከቱኝን አንቀጾች ላከችልኝ። ሳነበው ማመን አቃተኝ። ተባባሪ ድርጅት ጽሑፍ ሲላክለት ተቃውሞውን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ፣ ማቅረብ አለበት። ካላቀረበ ይታተማል። ቢቃወም እንኳን ማዘግየት የሚችለው እስከ 90 ቀን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተባባሪዎቹ ሁሉ የዶክትሬት ቴሲስ በጊዜው እንዲገባና ዲፌንስ እንዲደረግበት የመተባበር ግዴታ አለባቸው የሚል አንቀጽ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ይሄ ለኔ ተብሎ የተጻፈ አልነበረም። ብዙ የአውሮፓ ፕሮጀክቶች የሚጠቀሙበት ዴስካ የሚባል የውል ናሙና ላይ ያለ ነው። ያንቺም ውል ላይ ሳይኖር አይቀርም።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድብ የለ፣ ልመና የለ። ጽሑፉን የላክሁበት ቀን፣ የአንቀጹ ቁጥር፣ የቀነ ገደቡ ማለፍ፣ ቴሲሴን የማስገባበት ቀን። ለህግ ክፍሉ፣ ለፕሮፌሰሬ፣ ለኮኦርዲኔተሩ አንድ ላይ ላክሁት። መልስ ያጣሁበት ቢሮ በዚያው ሳምንት መለሰ። የፓተንት ማመልከቻውን በጥድፊያ አስገቡ። ጽሑፌም ወጣ። እኔም ዶክተር ተባልኩ። ማመልከቻው ላይ ፈጠራውን ሰሩ ከተባሉት መካከል የኔ ስም አለ፣ የአባቴ ስም ሳይቀር በትክክል ተጽፎ። ፕሮፌሰሬ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ "ኩባንያውን አታስከፊ" ከማለት ውጪ ምንም አላሉም። የሚቀጥለውን ፕሮጀክት ገንዘብ ከነሱ ጋር ነው የሚጠይቁት። ይሄንንም እወቂው።

አሁን ባለኝ ዕውቀት አንቺን ብሆን፣ ከመፈረሜ በፊት የምጠይቀው ይሄን ነው። ጽሑፍ የሚገመግመው የኩባንያው ሰው ማን ነው? በስንት ቀን? ያንቺ ውል የተለየ ቀን ካላስቀመጠ የሆራይዘን ዩሮፕ፣ ማለት ገንዘቡ የሚመጣበት የህብረቱ የምርምር ፕሮግራም፣ ደንብ 15 ቀን ነው የሚለው፣ ስለዚህ "ረጅም ጊዜ የግድ ነው" ቢሉሽ አትቀበዪ። ኩባንያው ቢያዘገየኝ ደሞዜን ማን ይከፍላል? የህብረቱ ገንዘብ ሲያልቅ ዩኒቨርሲቲው ወይም ኩባንያው ከራሱ ኪስ ማራዘም ይችላል፣ የሚከለክለው የለም። ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተባለ ማንም አያስታውሰውም። ስራ ስትጀምሪ ደግሞ ፓተንት ሊሆን የሚችል ነገር የመሰለሽን ሁሉ ቶሎ ብለሽ በኢሜይል አሳውቂያቸው። መጨረሻ ላይ "አሁን ነው የሰማነው" እንዳይሉሽ። ስብሰባ ላይ የተባለውን ማታ ቁጭ ብለሽ ጻፊና ላኪላቸው።

ኮመንት ላይ "ፈረንሳይ ይሻላል" ያለው ወንድማችን ሲፍር የሚባለውን ማለቱ ነው። ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው። ኩባንያው በ3 ዓመት ኮንትራት ይቀጥርሻል፣ መንግሥት ለኩባንያው ይደጉማል፣ ለረጅም ጊዜ በዓመት 14,000 ዩሮ ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ኩባንያው ራሱ ሊፈልግሽ ይገባል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ፈረንሳይኛ ሳይችሉ ያን ኩባንያ ማግኘት ቀላል አይደለም። እንግሊዝም ተጠቅሷል። እዚያ የሚሰጠው ግብር የሌለው ስታይፔንድ ነው፣ በ2025/26 ከምርምር ካውንስሎቹ ቢያንስ 20,780 ፓውንድ በዓመት። ለውጭ አገር ተማሪ ያለው ቦታ ግን ከ100 ከ30 እንዳያልፍ ተገድቧል። የጤና ክፍያው በሰው በዓመት 776 ፓውንድ ነው፣ ከቪዛው ጋር የሙሉ ጊዜውን ባንዴ ያስከፍሉሻል። ባልና ልጅ ጨምረሽ ደምሪው። አንቺ በእጅሽ ያለውን ያዢ።

የምታስተምሪበትን ዩኒቨርሲቲ በተመለከተ፣ ስራሽን አትልቀቂ። የትምህርት ፈቃድ ጠይቂ። ውሉና ዋሱ ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። ዋስ የሚሆንሽ ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም ራሱ አንብቦ ይፈርም። ከፈቃዱ ቀድመሽ ትኬት አትቁረጪ። የኛ ዲን ደብዳቤዬን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ረስተውት ሴሚስተር ሊያልፍብኝ ነበር።

"ከወዲሁ ይሄን ሁሉ ብጠይቅ ቅር ይላቸዋል ወይ?" ብለሽ ነበር መጨረሻ ላይ። አይላቸውም። እነሱ ዘንድ እንዲህ መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ይሉኝታ የያዘን እኛን ነው። አራት ጥያቄ በአንድ ኢሜይል አድርጊው፦ እጄ ላይ የሚገባው፣ የቤተሰብ አበሉ፣ የሆላንዱ ስፖንሰርነት፣ የጽሑፍ ግምገማው ቀን። ለኤችአሩ ብቻ አትላኪ፣ ኮኦርዲኔተሩንም ሲሲ አድርጊ።

መልሱ ሲመጣልሽ ስም ስሙን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው። አንብቤ የታየኝን እነግርሻለሁ።