ሙስታንግ ጂቲ ነው ተባልኩ፣ በምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው። አንድ ደላላ የ2018 ፎርድ ሙስታንግ አለ፣ ጂቲ ነው ባለ ቪ8 ነው ብሎ ወስዶ አሳየኝ። ቀይ ነው፣ ኋላው ላይ ጂቲ የሚል አርማ አለው፣ ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ግን ዋጋው ለጂቲ ትንሽ ቀለለብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አርማ እኮ ማንም ይለጥፋል አለኝ። በምን ልለየው? ደግሞ ፕሪሚየም የሚሉትና ፐርፎርማንስ ፓኬጅ የሚሉት አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ አርማውን እርሳው። በሹፌሩ በኩል የፊት መስታወቱ ግርጌ ላይ ከውጭ ሆነህ የምታነበው ሻንሲ ቁጥር አለ፣ ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ 17 ነው፤ ከግራ ጀምረህ ስምንተኛው ላይ ቁም። እዛ ጋ የእንግሊዝኛው ኤፍ ካለ 5.0 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው፣ ማለት ጂቲ ነው፣ ኤች ካለ ግን ኢኮቡስት የሚባለው 2.3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ነው፣ ደላላው የፈለገውን ይበል። ከዛ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየው። የ2018ቱ ጂቲ (በፈረንጅ ነው እንግዲህ) ከፋብሪካ ሲወጣ ማርሚታው አራት አፍ ነው፣ ኢኮቡስቱ ሁለት፣ ግን ማርሚታም ስለሚቀየር በሱ ብቻ እንዳትወስን፣ ኮፈኑን አስከፍተህ ሞተሩን እይ።

ወደ ኦፕሽኑ ስንመጣ ሰው የሚምታታው ፕሪሚየም ሲባል ጉልበት የሚጨምር ስለሚመስለው ነው። አይጨምርም። ፕሪሚየም የምቾት ነገር ነው፦ ቆዳ ወንበር፣ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ወንበር (የሐምሌ ጠዋት ለገጣፎ ላይ የሚሞቀውን አትንቀው)፣ ስምንት ኢንች ስክሪን ምናምን። ኢኮቡስቱም ፕሪሚየም አለው፣ ስለዚህ ቆዳ ወንበር አየሁ ብለህ ጂቲ ነው እንዳትል። ባለ 12 ኢንቹ ዲጂታል ዳሽቦርድ ደግሞ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚመጣ ስለሆነ ፕሪሚየም ሁሉ ላይ አታገኘውም።

ፐርፎርማንስ ፓኬጅ ግን ሌላ ነው፣ እሱ የሚነካው ከስር ያለውን ነው። ጂቲው ላይ ሲሆን ፊት ብሬምቦ የሚባል ኩባንያ የሚሠራው ባለ ስድስት ፒስተን ፍሬን፣ ቶርሰን ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ እግሮች የሚያከፋፍለው)፣ ትልቅ ራዲያተር፣ ጠንከር ያለ ሞላ ታገኛለህ። ፍሬኑ አሪፍ ነው አልክድም። ችግሩ ጎማው ነው። ተራው ጂቲ አራቱም እግር 235/50 ባለ 18 ነው፣ ፓኬጅ ያለው ግን ፊት 255/40 ኋላ 275/40 ባለ 19 ነው፣ ማለት የጎማው ጎን አጭር ነው፣ ፊትና ኋላ ማቀያየር አትችልም፣ ያም አልበቃ ብሎ ስኮርታ ጎማውን አውጥተው በምትኩ መንፊያና ማጣበቂያ ነው የሚሰጡህ። አስበው እስቲ፣ ማታ ወደ ሰንዳፋ መንገድ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ የጎማው ጎን ቢቀደድ ማጣበቂያው ምንም አይሠራልህም፣ ጎሚስታ ብታገኝ እንኳ በዛ ልክ ጎማ ከየት ያመጣልሃል። እኔ ብሆን ፓኬጅ የሌለውን ጂቲ ፕሪሚየም እይዛለሁ። ፓኬጅ ያለውን ከወደድከው ግን ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት ቸርኬዎቹን አስወልቀህ የውስጥ ጠርዛቸው መታጠፍ አለመታጠፉን አሳይ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነኝ፣ በየቀኑ እንጦጦን እወጣለሁ እወርዳለሁ። ኢኮቡስቱ 310 ፈረስ ጉልበት፣ ጂቲው 460 ይላል። ሰው ሁሉ ቱርቦ አትግዛ ይለኛል፣ እናንተስ?

መልስ፦ እኔ እንደውም ላንተ ቱርቦውን ነው የምለው። ሯጮቻችን እናንተ ሰፈር የሚሰለጥኑት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው አይደል? ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ወለሉ ጋር ሲተያይ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000ን ያልፋል፣ እዛ ሩብ ያህል ይጎድላል። ጂቲው ቱርቦ የለውም፣ ያገኘውን አየር ነው የሚስበው፣ ስለዚህ 460 የተባለው ዳገቱ ላይ 350 አካባቢ ነው ብለህ አስብ። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይወጣል። ጂቲው አሁንም ይበልጣል፣ ግን በወረቀት ላይ የ150 የነበረው ልዩነት እዛ አናት ላይ በጣም ይጠባል፣ ለቪ8ቱ የከፈልከው ብር ግን አይጠብም። ድምጹን ብለህ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በሱ አልከራከርህም። ብቻ ቱርቦ ከያዝክ ዘይት መቀየሪያ ጊዜ አታሳልፍ፣ ዳገቱን እየነዳህ መጥተህ ቆምኩ ብለህ ወዲያው ሞተር አታጥፋ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ቨርጂኒያ ያለው ልጄ ሙስታንግ ልላክልህ ይለኛል፣ ይገባል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ባለ ቤንዚኑ አይገባም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ቤንዚንና ናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ እላይ ወንድሞቻችን የሚጠይቁትም አገር ውስጥ ስላለው ነው። ልጅዎ ካሰበ ሙስታንግ ማክ-ኢ የምትባል ኤሌክትሪክ አለች። ስሙን ተዋሰች እንጂ ስፖርት መኪና አይደለችም፣ አራት በር ያላት ከፍ ያለች የቤተሰብ መኪና ናት፣ የምትገጣጠመውም አሜሪካ ሳይሆን ሜክሲኮ ነው። ጂቲ የሚባለው ዓይነቷ 480 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ለእርስዎ ግን ተራዋም ትበዛለች። ኤሌክትሪክ ቱርቦም ምንም ሳያስፈልገው ከፍታው አይበግረውም፣ ይሄ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቻርጀሩ ነው፦ የአሜሪካው ሶኬት እዚህ ከበዙት የቻይና መኪኖች ሶኬት ጋር አይገጥምም፣ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ላይ ከስንተኛ ፎቅ ገመድ ሊያወርዱ ነው? መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ይፈቀድልዎት እንደሆነ ኮሚቴውን ይጠይቁ፣ ልጅዎ ከዛ በኋላ ይክፈል።