ከኪሎ ሜትሩ በፊት መሬቱን ጠይቁ

ውድ ወጣቶች፣

የሙያ ዘመኔን ያሳለፍኩት በቅየሳ ሥራ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የመለኪያ መሣሪያዬን በትከሻዬ ተሸክሜ ተረተር ለተረተር ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ፤ የዕረፍት ጊዜዬንም አብዛኛውን የፈጀሁት ከአስፋልት ውጭ፣ በተራራ ብስክሌት ላይ ነው። አሁን ጉልበቴ ዳገት ላይ ስለሚያጉረመርም ከምነዳው የምመክረው ይበዛል። ሩቅ መንገድ ያሰባችሁ ልጆች ስትመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ትላላችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ ላሳያችሁ ነው፤ ከጎማችሁ ሥር የሚጠብቃችሁ መሬት ምን ዓይነት ነው የሚለው። ኪሎ ሜትሩ ትርጉም የሚያገኘው ይህ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሁለት መንገዶችን እናነጻጽር። ግሬት ዲቫይድ የሚባለው የተራራ ብስክሌት መስመር ከካናዳዋ አልበርታ ተነሥቶ፣ የአህጉሩን የውሃ መለያያ ሸንተረር እየተከተለ፣ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ላይ እስካለችው አንቴሎፕ ዌልስ ድረስ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ቁጥሩ ያስፈራል። ነገር ግን አብዛኛው ክፍል መኪና የሚያልፍበት የጠጠርና የአፈር መንገድ ስለሆነ፣ እግሩን ያጠነከረ ሰው ጓዙን ጭኖ በቀን 80 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ሊገፋበት ይችላል። በአሜሪካ ያለው የኮሎራዶ መሄጃ በአንጻሩ ከዴንቨር አቅራቢያ እስከ ዱራንጎ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ የፊተኛውን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ብዙው ክፍል አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ነው፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ሥርና ድንጋይ ስለሚበዛበትም ብስክሌቱን የምትገፉበት ሰዓት ከምትነዱበት የሚበልጥበት ቀን አለ። እዚያ በአንድ ቀን 40 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቷል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የዱር ሥፍራዎች ሕግ በተከለሉት ቦታዎች ውስጥ ብስክሌት እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ብስክሌተኛው እነዚያን ክፍሎች በሌላ መንገድ እየዞረ ያልፋል፤ ስለዚህ ካርታ ላይ የተሰመረው መስመርና እናንተ የምትሄዱበት መስመር አንድ አይደሉም። ሁለቱን መንገዶች በቁጥር ብቻ ያነጻጸረ ሰው ስንቁንም፣ ውሃውንም፣ የቀኑንም ብዛት ይስታል።

እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ለእግረኛ አንድ ቀላል ስሌት አስቀምጦ ነበር፤ በግርድፉ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ቁጠር፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ሌላ 1 ሰዓት ጨምር የሚል ነው። በሥራዬ ላይ ጨለማ ሳይዘኝ እንድመለስ ስንት ጊዜ ረድቶኛል። ብስክሌተኛ ስሌቱን እንዳለ ሊወስደው ባይችልም አቀበትን በሰዓት የመቁጠር ልማዱን ግን ቢወስድ ይጠቀማል። እኔ መንገዱን ካርታ ላይ በሦስት ቀለም እከፍለዋለሁ፤ በደህና የምነዳበት፣ እየታገልኩ የምነዳበትና የምገፋበት ብዬ። ለሦስተኛው ቀለም እጁን አወናጭፎ ከሚሄድ እግረኛ እጥፍ ሰዓት እሰጣለሁ፤ ጓዝ የተጫነ ብስክሌት ድንጋያማ ዳገት ላይ የገፋ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። 30 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1,500 ሜትር አቀበት ያለው ቀን በናይስሚዝ ስሌት ለእግረኛ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ግማሹ የሚገፋ ከሆነ ብስክሌት ስለያዛችሁ ብቻ ከእግረኛው ቀድማችሁ እንገባለን ብላችሁ አታስቡ።

ነገሩ ሙያዬን ስለሚነካ ስልካችሁ ስለሚነግራችሁ ቁጥርም ጥቂት ልበል። በስክሪኑ ላይ የምታዩት መስመር በነጥቦች የተሠራ ነው፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ቀጥ አድርጎ ስለሚያልፈው፣ በጫካ ውስጥ የሚተጣጠፍ መንገድ በመስመሩ ላይ ከእውነተኛ ርዝመቱ ያጥራል። ከፍታውም ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር ተለክተው ከተሠሩትና ከመሰሎቻቸው የከፍታ ሞዴሎች ነው፤ ሞዴሉ መሬቱን በአራት ማዕዘኖች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ከፍታ ይሰጣል፤ አንዱ አራት ማዕዘን ወደ 30 ሜትር ስፋት አለው። ገደላማ ጎን ላይ የተቆረጠ ቀጭን መንገድ አስቡ፤ ነጥቡ ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ከተንሸራተተ አንዴ ከላይ ያለውን ተዳፋት፣ አንዴ ከታች ያለውን ሸለቆ ያነብና ያልነበረ አቀበት ይደምርላችኋል። ትንንሽ ጉብታ በሚበዛበት አገር ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጉብታዎቹን ደልድሎ እናንተ በእግራችሁ የምትከፍሉትን አቀበት ይደብቃል። ለአንድ መንገድ ሁለት መተግበሪያዎች በመቶዎች ሜትር የሚለያይ የአቀበት ድምር ቢሰጧችሁ አትደነቁ። ኮንቱሩን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የካርታ መስመሮች፣ በዓይናችሁ ቁጠሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ምሽት በቂ ነው።

ወደ መሬቱ ልመለስ። በደቡብ እንግሊዝ ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን የሚሄደው የሳውዝ ዳውንስ መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛውን ነጭ የኖራ አለት ባለው ሸንተረር ላይ ይጓዛል። ደርቆ ሲገኝ እንደ ወለል ያስኬዳል። ዝናብ ሲነካው ግን ነጩ አለት ሳሙና ይሆናል፤ አጠገቡ የተበተነው ባልጩት ደግሞ የጎማውን ጎን እንደ ምላጭ ይተለትላል። በምዕራብ አውስትራሊያ ከመንዳሪንግ እስከ አልባኒ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውና እ.ኤ.አ. በ2013 የተጠናቀቀው የሙንዳ ቢዲ መንገድ ሌላ ዓይነት ፈተና አለው፤ እንደ አተር ክብ የሆነ ጠጠር ደረቅ መሬት ላይ ተዘርግቶ ጎማውን ያንከባልለዋል። እዚያ ላይ መሪውን ጨብጦ መታገልና የፊት ፍሬን መያዝ መውደቅን መጥራት ነው፤ ክብደትን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እጅን አላልቶ፣ ብስክሌቱ ትንሽ ወዲያና ወዲህ እንዲዋኝ መፍቀድ ይሻላል። የአንዱ መንገድ ብልሃት በሌላው ላይ ስሕተት ይሆናል፤ እነዚህን ሁለት መንገዶች ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሸክላ አፈር ነው። የግሬት ዲቫይድ ተጓዦች በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚጥለውን ዝናብ የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም ዋጋውን በሌላ ቦታ ከፍዬ ዐውቄዋለሁ። ዝናቡ ከ20 ደቂቃ አልበለጠም። መጀመሪያ ጎማው ከበደኝ። ቀጥሎ ጭቃው ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ መጥቶ በፊተኛው ሹካ መካከል ተጠቀጠቀና ጎማው መዞሩን ትቶ መንሸራተት ጀመረ። በእንጨት ፈነቀልኩት፤ አሥር እርምጃ ሄጄ ያው ሆነ። ወደ መድረሻዬ የቀረኝ 9 ኪሎ ሜትር ነበርና ቁጥሩ አሞኘኝ፤ ተመልሼ ወጣሁበትና በኃይል ረገጥኩ። ጭቃና ሣር ካቴናው ላይ ተጠቅልሎ የኋላውን ማርሽ ማዘዋወሪያ ወደ ጎማው ጎተተው፤ ማዘዋወሪያውን ከብስክሌቱ አካል ጋር የምታያይዘው ትንሽ የአልሙኒየም ምላስ ቀጭ ብላ ተሰበረች። እርግጥ ምላሷ የተሠራችው እሷ ተሰብራ ዋናው አካል እንዲተርፍ ነው። መለዋወጫ አልያዝኩም ነበር። ካቴናውን በመፍቻ አሳጥሬ በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁት፤ እስኪመሽም ስገፋ ቆየሁ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሁለት ሦስት ሰዓት ስትመታው ያው መሬት ደርቆ እንደ ጡብ ጠንክሮ አየሁት። ያን ቀን ከመታገል ይልቅ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እዚያው ማደር ነበረብኝ። እንግዲህ ያቺን ምላስ ለብስክሌታችሁ የምትገጥመውን መርጣችሁ አንድ ትርፍ ያዙ፤ ክብደቷ ከምንም አይቆጠርም፤ ቅርጿ ግን ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይ በመንገድ ላይ አገኛለሁ አትበሉ።

ሌላውን ጓዝ በተመለከተ ብዙ ጽሑፍ ስላለ አልደክምበትም። የፍሬን ሸራ ብቻ ልጨምር፤ አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃ ለስላሳውን ዓይነት ሸራ በአንድ ዝናባማ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ጎማችሁም ከመነዳሪ የሌለው፣ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራ ከሆነ ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚደርቅ አትርሱ፤ ከጉዞ በፊት ከፍታችሁ እዩት። የጎማ አየርን በተመለከተ ወጣቶች ጎማ ማጠንከር ትወዳላችሁ። የላላ ጎማ ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ የጠነከረው ግን በየድንጋዩ ይነጥራል፤ እያንዳንዷ ንጥረት ደግሞ የምትመጣው ከእግራችሁ ጉልበት ነው። የሰውና የጓዝ ክብደት ቢለያይም ሰፊ የተራራ ጎማ ላይ ከ1.5 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ተነሥታችሁ ብትሞክሩ አትሳሳቱም። ጎማውን የሚይዘው ጠርዝ ድንጋይ እየመታ ድምፅ ካሰማችሁ ጥቂት ጨምሩ።

ሰውነትም መሬቱን ይመዘግባል። በአንድ የሦስት ሳምንት ጉዞዬ በአራተኛው ቀን የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ደነዘዙ፤ ችላ አልኩት። ስመለስ የሸሚዜን ቁልፍ ለመቆለፍ ከሁለት ወር በላይ ተቸግሬያለሁ። በመዳፍ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ለቀናት በመሪው ላይ ተጨፍልቆ ነው። መሪውን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ አያያዛችሁንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ መደንዘዝ ከጀመረ በዚያው ቀን አንድ ነገር አድርጉ። ከ2,500 ሜትር በላይ ስትወጡ ደግሞ ሰውነታችሁ እስኪለምድ ለማደሪያችሁ ከፍታ ተጠንቀቁ፤ ቀን ከፍ ብሎ መዋል ብዙም አይጎዳም፣ ማታ ዘልሎ ከፍ ብሎ ማደር ግን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል።

መሬቱን የምታነቡት መንገዱን እንዳታበላሹም ነው። በደንብ የተቆረጠ የተራራ መንገድ ወደ ቁልቁለቱ ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ ውሃ ተሻግሮት እንዲወርድ እንጂ በላዩ እንዳይፈስ ታስቦ። መንገድ ሠሪዎች የመንገዱ ዳገትነት ከተራራው ጎን ዳገትነት ግማሽ አይብለጥ ይላሉ፤ ጎኑ 30 በመቶ ቢሆን (በ100 ሜትር አግድም 30 ሜትር ቢወጣ) መንገዱ ከ15 በመቶ በታች መሆን አለበት ማለት ነው። ከዚያ ከበለጠ ውሃው መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። እርጥብ መሬት ላይ የሚተው የጎማ ዱካም ለሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ነው። ኩሬ ስታዩ በጎኑ አትዙሩ፤ እናንተ ስትዞሩ የሚከተላችሁ ይዞራል፣ በዓመቱ አንድ ሰው የሚያሳልፈው መንገድ አምስት ሰው የሚያሳልፍ ጭቃ ይሆናል። በመካከሉ በዝግታ ማለፍ ነው፤ የሚያጎድፈው ልብሳችሁን ብቻ ነው።

ፈረስ የሚሄድበት መንገድ ላይ ስትሆኑ ከሩቅ ቁሙና ተናገሩ፤ ፈረሱ የሰው ድምፅ ሲሰማ ያ እንግዳ ነገር ሰው መሆኑን ያውቃል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ብስክሌተኞችን በፈረስ መንገዶች ላይ ሲፈቅድ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጡ አስገድዷል፤ ሕግ በሌለበትም ልማዱ ደግ ነው። የከብት በር ክፍት ካገኛችሁ ክፍቱን፣ ዝግ ካገኛችሁ ዘግታችሁ ሂዱ። በአሪዞና መሄጃ ላይ ግራንድ ካንየን ሲደረስ ብስክሌት ጎማው መሬት መንካት ስለማይፈቀድለት፣ ተጓዦች ፈታትተው በጀርባቸው አስረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 38 ኪሎ ሜትር ይሸከሙታል። መንገዱ የጠየቀውን መክፈል እንዲህ ነው።

የመጨረሻው ነገር ወንዝ ነው። ከበረዶ የሚነሣ ወንዝ ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ስለሚሞላ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ይበረታል፣ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ጎሕ ሲቀድ ዝቅ ይላል። ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር እንዲህ ያለ ወንዝ ዳር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደረስን። ዱላ ብንነክረው ውሃው ጭን ይደርሳል፤ ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ባልንጀራዬ ሰዓቱን እያየ ለዕለቱ ካቀድነው ገና 20 ኪሎ ሜትር እንደሚቀር ነገረኝ። ብዙ ተከራከርን፤ ተኮራረፍንም። በኋላ ድንኳናችንን እዚያው ተከልን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ስንነሣ ውሃው ከጉልበት በታች ነበር። ጫማችንን ሳናወልቅ፣ ብስክሌቶቹ ቢወሰዱ እኛን እንዳይመቱ ከወራጁ በታች በኩል ይዘን፣ አንድ እግር ሳይረጋ ሌላውን ሳናነሣ ተሻገርን። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ለዋዜማው ቀን የተጻፈው 31 ኪሎ ሜትር ነው።