ገንዘቡ በወንድሙ ስም ቢገባስ? የአንባብያን ጥያቄዎች ስለ ውል ጉቦ ክስ

ጥያቄ፦ አንድ ኃላፊ የግንባታ ውል ከፈረመ በኋላ በወንድሙ የባንክ ሒሳብ ብዙ ገንዘብ ገባ። እሱ ራሱ ሳንቲም አልነካም። በጉቦ ሊከሰስ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 15 ባለሥልጣኑ ጥቅሙን በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ፣ ለራሱም ይሁን ለሌላ ሰው ብሎ ከጠየቀ ወይም ከተቀበለ ወንጀል እንዲሆን ይደነግጋል። መጠየቁ ብቻ ይበቃል፤ ገንዘቡ የግድ እጅ መግባት የለበትም። ስለዚህ «በስሜ የገባ ነገር የለም» የሚለው መከላከያ ሩቅ አያስኬድም።

ክሱን የሚጥለው የወንድምየው ማብራሪያ ነው። ገንዘቡን ስለላከው ሰው «ያበደርኩትን መለሰልኝ»፣ «መኪና ሸጬለት ነው» ይላል። መርማሪው የብድር ውሉንና የመኪናውን የስም ዝውውር ገና በምርመራው ጊዜ ካላጣራ፣ ይህ መከላከያ ችሎት ላይ ዱብ ሲል ዐቃቤ ሕጉ መልስ ያጣል። የወንድምየው ቃል በጊዜ ይወሰድ፤ ከቃሉም ጋር ሰነዱ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ምርመራው ከጨረታ ሰነዱ ይጀምር ወይስ ከባንክ?

መልስ፦ ወሬው ሳይወጣ የጨረታ ሰነዱ ዋናው ይያዝ፤ ቅጂው አይበቃም። የጨረታ መክፈቻው ቃለ ጉባኤና የእያንዳንዱ ገምጋሚ የነጥብ መስጫ ቅጽ ሳይቀሩ መያዝ አለባቸው። በእርሳስ የተሞላው ረቂቅ ቅጽ ላይ 72 የነበረው ነጥብ በመጨረሻው ላይ 82 ሆኖ ሲገኝ፣ ማን፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደለወጠው መጠየቅ ይቻላል። ረቂቁ ከተጣለ ግን ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ከዚያ አንድ የቀን ሰንጠረዥ ይሠራ፤ በግራ የኃላፊው ውሳኔዎች፣ በቀኝ የገንዘቡ እንቅስቃሴና የስልክ ጥሪዎች። እንበል፣ ቅድመ ክፍያ በተለቀቀ በ4ኛው ቀን ተቋራጩ ለአንድ አማካሪ ድርጅት የውሉን ዋጋ 5 በመቶ ከፈለ። ደረሰኙ ላይ ያለው «ለማማከር አገልግሎት» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የተሰጠ ሪፖርት የለም፤ ድርጅቱ ሠራተኛም ቢሮም የለውም። በ3 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ለሁለት ተከፍሎ ወንድምየው ዘንድ ደረሰ። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ማብራሪያ ይገኝላቸዋል፤ በአንድ ገጽ ላይ ሲሰለፉ ግን ማብራራቱ ይከብዳል።

ዐቃብያነ ሕግ ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፦ ጨረታው ተጭበርብሯል የሚለውን የክሱ ምሰሶ ያደርጉታል። ጉቦ ግን አሸናፊው በሚገባ ቢያሸንፍም ጉቦ ነው፤ ኃላፊው ሊሠራው ለሚገባ ሥራ መቀበሉም ያስጠይቀዋል። ማጭበርበሩን ማስረዳት አቅቶ ጉቦው አብሮ ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል። ደግሞም ብዙው ጉቦ ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ ተጨማሪ ሥራ ሲጸድቅ፣ የሥራ ልኬት ሲረጋገጥና ርክክብ ሲፈጸም የሚጠየቅ ነው፤ እዚያም ይፈለግ።

ጥያቄ፦ እጅ ከፍንጅ ከተያዘስ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም?

መልስ፦ አላለቀም። መሳቢያ ውስጥ የተገኘ ፖስታ ብቻውን «ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም» ያሰኛል። የብሮቹ ተከታታይ ቁጥር ከመሰጠታቸው በፊት ተመዝግቦ፣ ምስክሮች ፈርመውበት መቀመጥ አለበት። በሕግ የተፈቀደ የድምፅ ቅጂ ካለ ገንዘቡ ስለምን እንደሚሰጥ ንግግሩ ይሰማ። ሐሳቡ ከኃላፊው መምጣቱም ይታይ፤ የፖሊስ ሰው ወትውቶ ያስገባው ከሆነ በብዙ አገር ማስረጃው ወይም ክሱ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ተቋራጭ ነኝ። «ካልከፈልክ ሒሳብህ አይለቀቅም» ተብዬ ከፈልኩ። ብናገር ራሴ እከሰሳለሁ?

መልስ፦ ሰጪም ተጠያቂ ስለሆነ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ይሁንና የስምምነቱ አንቀጽ 37 በምርመራው ከልብ ለሚተባበር ሰው ቅጣት ማቅለልን፣ እንደየአገሩ ሕግም ከክስ ነጻ ማድረግን እንዲታሰብበት ያደርጋል። ቃል ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ነገር ግን አይዘግዩ፤ ተደርሶበት ከመናገር ቀድሞ መናገር ይሻላል።

የክፍያ ጥያቄ ያስገቡበትን ደብዳቤ፣ ገንዘብ ያወጡበትን የባንክ ወረቀትና ክፍያው የተለቀቀበትን ቀን ያስቀምጡ። 3 ወር የታሰረ ክፍያ እርስዎ ገንዘብ ባወጡ በ2ኛው ቀን ከተለቀቀ፣ ያ ቀን ምስክርዎ ነው፤ የወንጀል ተባባሪ ቃል ብቻውን ሲቀርብ ፍርድ ቤት ይጠራጠረዋልና። መልእክቶችን አያጥፉ። የስክሪን ፎቶ በቀላሉ ስለሚስተባበል ስልኩን ራሱን ለመርማሪው ያስረክቡ።

ውልዎን በተመለከተ፣ በአንቀጽ 34 መሠረት ሙስና ውልን ለመሰረዝ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ጊዜ ግን አያፈርሰውም። መሰረዝ አለመሰረዙን የሚወስነው የአገሩ ሕግ ስለሆነ፣ በሥራ ቦታው ላይ ያለዎት ዕቃና ያልተከፈለዎት ሥራ ዛሬውኑ ተለክቶ ይመዝገብ።