ከዳዊት ወደ አቤሴሎም፣ ከአቤሴሎም ወደ ዳዊት

ጥያቄ፦ ወር በገባ በ21 በምናደርገው የማርያም ጽዋ ማኅበር ላይ ከሳሙኤል ካልዕ ተነቦ ክርክር ተነሣ። እስራኤል ንጉሡን ዳዊትን ትቶ ልጁን አቤሴሎምን ተከተለ፤ አቤሴሎም ሲሞት ዳዊት ይመለስልን አለ፤ ወዲያው ደግሞ ከብንያማዊው ዐመፀኛ ከሳቤዔ ጋር ሸፈተ። ሕዝቡ ይህን ያህል ወላዋይ ነበርን? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ መጽሐፉ ራሱ ምክንያቱን ስለሚነግረን እንዲህ ብሎ ለመፍረድ አልቸኩልም። በምዕራፍ 15 አቤሴሎም ማልዶ በበሩ መንገድ አጠገብ ይቆማል፤ ለፍርድ ወደ ንጉሡ የሚሄደውን ሰው ጠርቶ ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ ነገርህ ቅን ነው፣ ከንጉሡ ዘንድ ግን የሚሰማህ የለም ይለዋል፤ ሊሰግድለት ሲቀርብም ይዞ ይስመዋል። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ተነሥቶ ለአንድ ጉዳይ ደጋግሞ የተመላለሰ ሰው እንዲህ ያለው አቀባበል እንዴት ልብ እንደሚማርክ አይጠፋውም። አቤሴሎም ሸንጋይ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሽንገላው የሠመረለት ግን በደጅ ጥናት የደከመ ሕዝብ ስላገኘ ይመስለኛል። ዐመፁን ሊጀምር ወደ ኬብሮን ሲወጣ ከኢየሩሳሌም አብረውት የሄዱት 200 ሰዎችም ምንም ሳያውቁ በየዋህነት እንደሄዱ ተጽፏል።

ወላዋይነትን በግልጽ የምናየው በሳሚ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ዳዊት ከአቤሴሎም ሲሸሽ እየረገመ ድንጋይ የወረወረው ይህ ሰው፣ ንጉሡ ሲመለስ 1,000 ብንያማውያንን አስከትሎ ለመቀበል ቀደመ። በአንጻሩ የጌት ሰው ኢታይ፣ ባዕድና የቅርብ ጊዜ መጤ ሆኖ ሳለ፣ ተመለስ ቢባል እንኳ ከስደተኛው ንጉሥ አልለይም አለ።

ወደ ሳቤዔ ስንመጣ ምዕራፍ 19ን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ዳዊት ከፍልስጥኤማውያን እንዳዳናቸው አስታውሰው ይመለስ ብለው አስቀድመው የተነጋገሩት የእስራኤል ነገዶች ነበሩ፤ እርሱ ግን አጥንቴና ሥጋዬ ናችሁ ብሎ የላከው ወደ ገዛ ነገዱ፣ ወደ ይሁዳ ሽማግሌዎች ነው። ስለዚህ ይሁዳ ንጉሡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ እስራኤላውያን፣ በንጉሡ ዘንድ ዐሥር ክፍል ያለን እኛ ስለ ምን ተናቅን ብለው ተቆጡ። በእኔ አስተያየት የዳዊት ስሕተት ይህ የወገን አጠራር ነው፤ ሳቤዔ ቀንደ መለከት ነፍቶ ከዳዊት ዘንድ ዕድል ፈንታ የለንም ያለውም በዚሁ ቁጣ መካከል ነው።

ያ ዐመፅ ከሸፈ። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ግን ቀንበሩ እንዲቀልለት በሴኬም ለለመነው ሕዝብ ከ3 ቀን በኋላ የጭካኔ መልስ ሲሰጥ ያው ጩኸት ተደገመ፤ መንግሥቱም ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ማኅበራችሁ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12ን ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዛችሁ ብታነቡት መልካም ነው።