ሪንጉ ለምን ጠበበ? ስለ ሬስሊንግ አሻንጉሊቶች የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ልጆች ስጦታ ስጽፍ የሬስሊንግ ሪንግን፣ ማለትም የሬስለር አሻንጉሊቶች የሚጋጠሙበትን ባለ ገመድ መጫወቻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክቼ አልፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከመጣልኝ ጥያቄ ግማሹ ስለ ሪንግ ነው። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ አባቶች ናቸው። «ለልጄ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ቀጥለው ገመዱ ስንት እንደሆነና ወለሉ ሞላ እንዳለው ሲጠይቁ ማን ሊጫወትበት እንደሆነ ይገባኛል። አልፈርድም። እኔም ዝነኛውን ሬስለር ሃልክ ሆጋንን ያወቅኩት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቤ ተቀምጬ ነው።

ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«ሰባት ዓመት የሚሞላው ልጄ ለልደቱ ሪንግ ካልተገዛልኝ ብሎ ይዞኛል። አንዱ ሪንግ ብቻ ነው። ሌላው ሬስለሮቹ የሚገቡበት መድረክ ምናምን አለው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። የቱን ልግዛ?» — አንዲት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሪንግ ብቻውን ይበቃል። ገንዘቡ ከተረፈዎት ሬስለር ይጨምሩበት።

ሱቅ ውስጥ የተከፈተ ካገኙ ወለሉን በጣትዎ መታ ያድርጉት። ከሥሩ ሞላ ያለው ጣትዎን ወደ ላይ ይመልሳል፣ «ዷ» የሚል ድምፅም አለው። ልጅዎ የሚፈልገው ያንን ድምፅ ነው። ወለሉ ደረቅ ከሆነ የቀረው ጌጥ ሁሉ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል።

ቴሌቪዥን ላይ የምናየው የሬስሊንግ ድርጅት፣ የደብሊው ደብሊው ኢ፣ አሻንጉሊቶችን ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ነው። መደበኛ ሪንጉ በአንድ ጎኑ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ሞላ አለው፣ ገመዶቹም ይሳባሉ። አልጋ ሥር ይገባል፤ ይህ ደግሞ ለአፓርታማ ነዋሪ ቀላል ነገር አይደለም። ተጨማሪ ዕቃ መግዛትዎ ካልቀረ ከመድረኩ ይልቅ የሚፈራርሰውን ይምረጡ። «ሬኪን» በሚባለው መስመር «ስላምቡላንስ» የሚሉት አምቡላንስ ወጥቶ ነበር። ሬስለሩ ሲወረወርበት ክፍሎቹ ይወላልቃሉ፣ ከዚያ መልሶ መግጠም ነው። ልጅ ሲያፈርስና ሲገጥም ይውላል። መድረክ ላይ ግን ሬስለሩ አንዴ ገብቶ ካለፈ በቃ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሪንግ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚሸጠው። ሳጥኑ ላይ በሥዕል የሚታዩት ጡንቸኞች ውስጥ የሉም። እኔ ይህን የተማርኩት የእህቴ ልጅ ሳጥኑን ገልብጦ ሲያራግፍና ምንም ሳይወድቅ ሲቀር ነው። ቢያንስ ሁለት ሬስለር ይግዙ። «ቤዚክ» የሚባለው ይበቃል። «ኢሊት» መገጣጠሚያው ብዙ ነው፣ ቀበቶና ልብስም አብሮት ይመጣል። ግን ትናንሾቹ ዕቃዎች በሳምንት ውስጥ ሶፋ ሥር ይገባሉ፤ ልዩነቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

«የገዛሁት ሪንግ ጠባብ መሰለኝ። አራት ሬስለር ሲቆምበት ታክሲ ውስጥ የተጠቀጠቁ ይመስላሉ። ቴሌቪዥን ላይ እንደዚህ አይደለም። ተሸውጄ ይሆን?» — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አልተሸወድክም። ዓይንህ ግን ልክ ነው። እስቲ እናስላው።

አሻንጉሊቶቹ ባብዛኛው 15 ሳንቲ ሜትር፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ ሰው ለ12 ሲካፈል 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አሻንጉሊቱ ከሰውየው በ12 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። ሪንጉም በዚያው ልክ ማነስ ነበረበት። የደብሊው ደብሊው ኢ እውነተኛ ሪንግ በአንድ ጎኑ 20 ጫማ ነው፣ 6 ሜትር ከ10 ገደማ። ለ12 አካፍለው፤ 51 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ያንተ 35 ነው። የወለሉን ስፋት ካየህ ደግሞ መሆን ከነበረበት ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ያንተን ሪንግ ወደ ሰው ልክ መልሰን ብናሳድገው 4 ሜትር ከ20 ይሆናል። የዱሮው ተፎካካሪ ደብሊው ሲ ደብሊው እንኳ 18 ጫማ ሪንግ ነበር የሚጠቀመው፣ 5 ሜትር ተኩል ማለት ነው።

ለልጅ ግን ጥበቱ ይጠቅማል እላለሁ። ልጁ ከአንድ ጎን ቁጭ ብሎ ሁሉም ጥግ ይደርስለታል፣ ሬስለሩም ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ገመድ ያገኛል። ላንተ ለራስህ ከሆነ (ነው መሰለኝ) ለሰብሳቢዎች ተብለው በትክክለኛ ልክ የተሠሩ ሪንጎች አሉ። ማቴልም ሠርቷል፣ የሌላውን የሬስሊንግ ድርጅት፣ የኤ ኢ ደብሊውን፣ አሻንጉሊት የሚያወጣው ጃዝዌርስም ሠርቷል። ከመግዛትህ በፊት ግን 51 ሳንቲ ሜትር በ51 በጠረጴዛህ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግና ባለቤትህን አሳያት።

«ልጄ “ሬስሊንግ ውሸት ነው አይደል?” ብሎ ጠየቀኝ። ነው ብለው ጨዋታው ይበላሽበታል። አይደለም ብለው ዋሸሁት። ምን ልበለው?» — ከሎንዶን

እውነቱን ይንገሩት፤ ጨዋታው አይበላሽም። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቃል። መውደቁ ግን እውነተኛ መውደቅ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሪንጉ ራሱ ይረዳዎታል። አሻንጉሊቱን ገልብጠው ሥሩን ያሳዩት። ባዶ ነው አይደል? እውነተኛውም እንደዚያው ነው። የብረት ወጋግራ ላይ የእንጨት ጣውላ ይደረደራል፣ በላዩ ስስ ስፖንጅ ይነጠፋል፣ ከዚያ ሸራ ይወጠራል። ሥሩ ባዶ ስለሆነ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ጣውላውም ትንሽ ይረግባል፤ ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ሬስለሮቹ በጀርባቸው ሙሉ የሚወድቁት፣ አገጫቸውንም ወደ ደረታቸው የሚያስጠጉት ምቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍና ጭንቅላታቸው እንዳይመታ ነው። ይህን ለመማር ረጅም ጊዜ ይሠለጥናሉ።

ሁሉም ነገር ለስላሳ እንዳልሆነ ማየት የፈለገ የ1998ቱን የፒትስበርግ ግጥሚያ ያስታውስ። አንደርቴከር የተባለው ሬስለር ተጋጣሚውን ማንካይንድን 5 ሜትር ገደማ ከሚሆን የብረት ኬጅ ጣራ ላይ ወረወረው፣ እሱም የአስተያየት ሰጪዎቹ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ውጤቱ የታቀደ ነበር። ሰውየው ግን ተጎድቷል። ዛሬ ለአሻንጉሊት የሚሸጡት መሀላቸው ለሁለት የሚከፈል ጠረጴዛዎች እንዲህ ያሉ ትዕይንቶችን ለመድገም የሚያገለግሉ ናቸው።

ከዚያ ሕጉን ይንገሩት፦ አሻንጉሊቱ ከገመድ ላይ ይዘላል፣ እሱ ግን ከሶፋ ላይ አይዘልም። ደብሊው ደብሊው ኢ ራሱ «ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት» እያለ የሚያስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም።

«ከጎረቤት ያርድ ሴል (ግቢ ውስጥ ከሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ) ላይ አሮጌ ሪንግና አንድ ከረጢት ሬስለር በርካሽ አገኘሁ። ግን መጠናቸው የተለያየ ነው። አንዳንዱ ግዙፍ፣ አንዳንዱ ድንክ። ምን ይሆኑ?» — ከዴንቨር

ይህችን ጥያቄ ወደድኳት። ከረጢቱ ውስጥ የሦስት ዘመን ዕቃ ሳይኖር አይቀርም።

ግዙፎቹ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆኑና እጅ እግራቸው የማይንቀሳቀስ ድፍን ላስቲክ ከሆኑ ኤል ጄ ኤን የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ሥራ ናቸው። ከ1984 ጀምሮ የወጡ ናቸው። ክብደታቸው ድንጋይ ነው፤ ወንድም ወንድሙን ሲመታበት ያደገ ትውልድ ያውቀዋል። ቀለማቸው አፍንጫና ጉልበት ላይ ቶሎ ይላጣል። ቀለሙ ያልተላጠ ካገኘህ ለልጅ አትስጠው፣ ሰብሳቢ ይፈልገዋል።

ድንኮቹ፣ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑት፣ ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ ሥራ ናቸው፤ ከ1990 እስከ 1994። እነዚህ ውስጣቸው ሞላ አለ። አንዱን ስትጫነው ይዘላል፣ ሌላውን እጁን ስትስበው ይመታል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነሱ ናቸው። ዛሬ ብዙ መገጣጠሚያ ያለው አሻንጉሊት ልጁ ራሱ ካላንቀሳቀሰው ቆሞ ያያል። የሃስብሮው ግን ራሱ ይማታልሃል።

መካከለኞቹን እጃቸውን እጠፍ። «ቀጭ ቀጭ» ካሉ ጃክስ ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ሥራ ናቸው። አጥንት የሚሰበር እንዲመስል ሆን ተብሎ የተሠራ ድምፅ ነው። ጃክስ ከ1996 እስከ 2009 ድረስ ቆይቶ ለማቴል ለቀቀ።

ሳጥን ካለህ ስሙንም ተመልከት። ደብሊው ደብሊው ኤፍ፣ የደብሊው ደብሊው ኢ የድሮ ስም፣ የሚል ከሆነ ከ2002 በፊት የታተመ ነው። በዚያ ዓመት በዚሁ አጭር ስም ከሚጠራው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ጋር በነበረ የስም ክርክር ምክንያት ነው መጨረሻዋ ፊደል የተቀየረችው። ሪንጉም እንደ ሬስለሮቹ ነው፦ ለ11 ሳንቲ የተሠራ ሪንግ ላይ የ20 ሳንቲውን ብታቆም ገመዱ ጉልበቱ ጋ ይቀራል።

«የሪንጉ ገመድ ረገበ። መለዋወጫ የት ይገኛል?» — ከዱባይ

ልብስ ሰፊ ጋ። ክብ ቀጭን ላስቲክ በሉት። ለሦስቱም መስመር አምስት ሜትር ይበቃል። የድሮውን ሳትቆርጡ በፊት እንዴት እንደታሰረ በስልክ ፎቶ አንሱ። አዲሱን በጣም አትወጥሩት፤ ምሶሶዎቹ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ።

«ከአሥር ዓመት በኋላ ከካርቶን ሳወጣቸው ሬስለሮቼ ይጣበቃሉ። ማር የተቀቡ ነው የሚመስሉት። የአንዱ ሬስለርም እግር ተጣምሟል።» — ከቴል አቪቭ

ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚጨመር ፈሳሽ አለ። በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚጣበቀው እሱ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና የድሮ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። አልኮልና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስነካ፣ ፊቱን ይዞት ይሄዳል። የተጣመመውን እግር ደግሞ ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ንከር፣ አቅናው፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምረው። እንደዚያው ይደርቃል። ሞላ ያላቸውን የሃስብሮዎቹን ግን አትንከር፤ ሞላው ይዝጋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ብቻ።

«ትልቁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ታናሹ ዓመት ከመንፈቅ። ሪንጉ መሬት ላይ ነው የሚውለው። ያሰጋል?»

አዎ፣ ያሰጋል። ሪንጉ ሳይሆን ቀበቶው፣ ወንበሩና ማይክሮፎኑ ናቸው አስጊዎቹ። የሽንት ቤት ሶፍት ማጠንጠኛ ቱቦ ውስጥ ማለፍ የሚችል ነገር ሁሉ ሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል ብላችሁ ያዙ። ትንንሾቹን ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ድምፅ የሚያወጣ ሪንግ ከሆነ የባትሪው ክዳን በብሎን መታሰሩን በካቻቢቴ ሞክሩት። ክብ ትንሿን ባትሪ ልጅ ከዋጠ እስኪወጣ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

«ልጄ ሴት ናት። ሪንግ ትፈልጋለች። አክስቷ ግን “የወንድ ነው” አለቻት።» — ከሚኒያፖሊስ

በ2021 ሁለት ሴት ሬስለሮች፣ ቢያንካ ቤሌርና ሳሻ ባንክስ፣ የደብሊው ደብሊው ኢን ትልቁን ዓመታዊ ዝግጅት፣ የሬስልማኒያን ምሽት፣ የዘጉበትን ግጥሚያ ለአክስትየው ያሳዩልኝ። የሴቶቹ አሻንጉሊት ከወንዶቹ እኩል ልክ ስላለው ሪንጉ ላይ በደንብ ይቆማል። ብቻ 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ ፀጉራቸው የሚበጠር የሬስለር አሻንጉሊቶችም ወጥተው ነበር። እነሱን አይግዙ፣ ሪንጉ ላይ ሲቆሙ ዝሆን ይሆናሉ።

«እዚህ አዲስ አበባ ሪንጉን ፈልጌ አጣሁ፣ ያገኘሁትም ዋጋው ያስደነግጣል። ሬስለሮቹን አጎቱ ከውጭ ልኮለታል። መሥራት ይቻላል?» — አንድ አባት፣ ገርጂ

ይቻላል፣ ያውም በትክክለኛው ልክ። የሱቁ 35 ሳንቲ ነው ብለናል፤ እርስዎ 51 ያደርጉታል።

ጠንካራ ካርቶን ፈልጉ። በአንድ ጎን 51፣ ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እውነተኛው ሪንግ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል 8 ልኩ ነው። ለምሶሶ አራት አዲስ እርሳስ። አዲስ እርሳስ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስምንቱ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል፣ አሥራ አንዱ ከላይ ይቀራል። እርሳሶቹን በየጥጉ አስገብታችሁ ከውስጥ በእንጨት ቁራጭና በሙጫ አጠንክሯቸው። ካርቶኑ ብቻውን አይችላቸውም፤ ላስቲክ ሲወጠር ይቀደዳል። ሦስት መስመር ላስቲክ ከወለሉ 3 ሳንቲ ተኩል፣ 7 እና 10 ላይ እሰሩ። ሦስት መሆን አለበት። አራት ከሆነ ቦክስ ነው፣ ልጁም ይነግርዎታል።

ወለሉን ግን ሙጫ አታስነኩት። ስስ ስፖንጅ ነጠፍ አድርጉ፣ በላዩ የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ወጥራችሁ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ሬስለሩ ሲወድቅ «ዷ» ይላል። ካርቶኑ ሲደክም ክዳኑን ብቻ መቀየር ነው። እርሳሶቹን ትምህርት ቤት ሲከፈት እንዳይነቅላቸው ሌላ ግዙለት።